ብቻዎን ሲዳኙ፦ የልጆች ቤዝቦልና ሶፍትቦል ዳኝነት ደረጃ በደረጃ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲያትል ልጁን ሊትል ሊግ (የልጆች ቤዝቦልና ሶፍትቦል ድርጅት) ያስመዘገበ ወላጅ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ዛሬ ዳኛ አልመጣም፤ እባክዎ ይዳኙልን» መባሉ አይቀርም። ብዙዎቻችን ያደግነው እግር ኳስ እያየን ነው። በእግር ኳስ ዳኛው ዝም ካለ ጨዋታው ይቀጥላል። በቤዝቦልና በሶፍትቦል ግን እያንዳንዱ ውርወራ የዳኛውን ቃል ይጠብቃል። በ6 ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በተራ የሚመቱበት ዙር) ውስጥ ከመቶ በላይ ውሳኔ ይሰጣሉ፤ ያውም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚታይ ቪዲዮ ሳይኖር።

ጀማሪ ዳኛ የሚሳሳተው ዐይኑ ስለማያይ አይደለም። ድርጊቱ ሳያልቅ ይናገራል፣ የማያሳይ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ወይም ከአጥር ጀርባ የሚጮኸውን «ደንብ» ያምናል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚህን ሦስቱን ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው። ቡድኑ፣ ነጥቡና ሜዳው ቢለያይም ቅደም ተከተሉን አይቀይሩ።

ደረጃ 1፦ ከጨዋታው ቀን በፊት

የትኛው ደንብ እንደሚሠራ ይጠይቁ

ለሊጉ ኃላፊ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ የምንጫወተው በየትኛው የደንብ መጽሐፍ ነው? የልጆቹ የዕድሜ ምድብ የቱ ነው? ሊጉ የራሱ ተጨማሪ ደንብ አለው ወይ? ለምሳሌ የሰዓት ገደብ ወይም በአንድ ኢኒንግ ሊገባ የሚችል የነጥብ ጣሪያ ሊኖር ይችላል።

ይህን ሳይጠይቁ ሜዳ አይግቡ። አንዱ ዓይነት ድርጊት በተለያየ መጽሐፍ የተለያየ ቅጣት አለው። ሯጩ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ሳይወረውር ቤዙን (ሯጭ የሚረግጠውን ማረፊያ) ለቅቆ ሄደ እንበል። በሶፍትቦል ኳሱ ይሞታል (ጨዋታው ለጊዜው ይቆማል)፣ ሯጯ አውት ናት (ከሜዳ ትወጣለች)። ዕድሜያቸው እስከ 12 በሆኑ ልጆች የሊትል ሊግ ቤዝቦል ግን አውት የለም፤ ቅጣቱ ሯጩን መመለስ ነው። ካቸሩ (ከባተሩ ጀርባ ሆኖ ኳሱን የሚቀበለው) ሦስተኛውን ስትራይክ (በባተሩ ላይ የሚቆጠር ውርወራ) ሳይዝ ሲቀር ባተሩ (ኳስ መቺው) መሮጥ የሚችልበት ደንብም ማይነርስ በሚባለው የሊትል ሊግ ታናሽ ምድብ ላይ አይሠራም፤ ከፍ ባለው በሜጀርስ ይሠራል።

ዕቃዎን ያሟሉ

- የጉሮሮ መከላከያ ያለው የፊት ማስክ
- ከሸሚዝ በታች የሚለበስ የደረት መከላከያ
- የቅልጥም መከላከያ፣ ለወንዶች የብልት መከላከያ፣ ጠንካራ አፍንጫ ያለው ጫማ
- የቦል (ስትራይክ ያልሆነ ውርወራ) እና የስትራይክ መቁጠሪያ፣ ትንሽ ብሩሽ፣ በወገብ የሚታሰር የኳስ ቦርሳ
- እስክሪብቶና ወረቀት

ማስጠንቀቂያ፦ ማስክና የደረት መከላከያ ከሌለዎት ከካቸሩ ጀርባ በፍጹም አይቁሙ። ከፒቸሩ ጀርባ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ይዳኙ። የስትራይክ ዕይታዎ ትንሽ ይቀንሳል፤ ጥርስዎና ዐይንዎ ግን ይተርፋሉ።

ደረጃ 2፦ ጨዋታው ሊጀመር 20 ደቂቃ ሲቀረው

1. ሜዳውን ዙረው ይዩ። ጉድጓድ፣ የጠርሙስ ስብርባሪ፣ ያልተተከለ ቤዝ፣ ኳስ የሚያሾልክ የአጥር ቀዳዳ ይፈልጉ።

2. ርቀቱን ያረጋግጡ። በሊትል ሊግ ቤዝቦል እስከ 12 ዓመት በቤዝና በቤዝ መካከል 60 ጫማ፣ ማለትም 18.29 ሜትር ነው። ከፒቸሩ ሰሌዳ እስከ ሆም ፕሌት (ባተሩ አጠገቡ ቆሞ የሚመታበት ቤዝ) 46 ጫማ፣ 14.02 ሜትር ነው። በሊትል ሊግ ሶፍትቦል ሜጀርስ መወርወሪያው 40 ጫማ፣ 12.19 ሜትር ላይ ነው። ባለፈው ጨዋታ ትልልቅ ልጆች ተጫውተውበት ቤዙ ራቅ ብሎ ተተክሎ መገኘት የተለመደ ነው።

3. ባቶቹን (መምቻ ዱላዎቹን) እና ሄልሜቶቹን ይመርምሩ። የተሰነጠቀ፣ የተጎረበጠ ወይም መያዣው የላላ ባት ያስወጡ። በሊትል ሊግ ቤዝቦል ከ2018 ጀምሮ ባቱ የዩኤስኤ ቤዝቦል ምልክት ሊኖረው ይገባል። የካቸሩ ሄልሜት ላይ የሚንጠለጠለው የጉሮሮ መከላከያ መኖሩን ይዩ። ካቸሩ ፒቸሩን ሲያሟሙቅም ማስኩን ማድረግ አለበት።

4. ሁለቱን አሠልጣኞች ሆም ፕሌት ላይ ይጥሩ። የተጫዋቾችን ዝርዝር ይቀበሉ። ከዚያ ስለ ሜዳው ተነጋገሩ፦ ኳሱ ከየት ካለፈ ነው ከጨዋታ ውጭ የሚሆነው? አጥሩ ካለቀበት ወዲያ መስመሩ የት ነው? አጥር ሥር ቢወሸቅ፣ ሜዳ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ቢመታስ? አሁን ያልተስማሙበት ነገር በ5ኛው ኢኒንግ ጭቅጭቅ ይሆናል።

5. ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉንም ያስወጡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመልሷቸው። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አይደራደሩ።

ደረጃ 3፦ ከሆም ፕሌት ጀርባ

አቋቋም

በባተሩና በካቸሩ መካከል ባለው ክፍተት፣ ከካቸሩ የውስጥ ትከሻ በላይ ይቁሙ። እግርዎን ከትከሻዎ ትንሽ ሰፋ ያድርጉ። ፒቸሩ መወርወር ሲጀምር ዝቅ ይበሉና ይርጉ። አገጭዎ ከካቸሩ ሄልሜት አናት በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ የውጭውን ዝቅተኛ ኳስ ካቸሩ ይጋርድብዎታል። ጭንቅላትዎ ይርጋ፤ ኳሱን የሚከተለው ዐይንዎ ብቻ ይሁን። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ዞኑም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የስትራይክ ዞን

ሆም ፕሌት 17 ኢንች፣ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በሊትል ሊግ ከባተሩ ብብት እስከ ጉልበቱ አናት ያለው ከፍታ ዞኑ ነው። የሚለካውም ባተሩ በተፈጥሯዊ አቋሙ ሲቆም ነው፤ ሆን ብሎ ቢያጎነብስ ዞኑ አያጥርም። የኳሱ ማንኛውም ክፍል የዞኑን ማንኛውንም ክፍል ከነካ ስትራይክ ነው። ቤዝቦል ወደ 7.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው፣ በሁለቱም ጠርዝ ንክኪው ሲታሰብ ኳሱ የሚያልፍበት ስፋት 58 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ዙሪያው 12 ኢንች በሆነው ሶፍትቦል ደግሞ 62 ያህል ይሆናል። ጀማሪ ዳኛ ይህን ስለሚዘነጋ ዞኑን ያጠብበዋል፤ ፒቸሮቹ ልጆች ይጨነቃሉ፤ ጨዋታው ባተሮች በአራት ቦል ወደ 1ኛ ቤዝ ሲሄዱ ብቻ ያልቃል።

ቅደም ተከተሉ

1. ኳሱን ከፒቸሩ እጅ እስከ ካቸሩ ጓንት በዐይንዎ ይከተሉ።
2. ጓንቱ ውስጥ ሲገባ አፍታ ይቆዩ። በልብዎ «የት አለፈ?» ይበሉ።
3. ስትራይክ ከሆነ ቀጥ ብለው ተነሥተው ቀኝ እጅዎን ያሳዩ፣ «ስትራይክ!» ብለው ጮኽ ይበሉ። ቦል ከሆነ እንደተጎነበሱ ይናገሩ፤ እጅ አያንሡ።
4. መቁጠሪያውን ይጫኑ።
5. በየሁለት ሦስት ውርወራው ቁጥሩን ጮኽ ብለው ያስታውቁ። ቦሉ በግራ እጅ ጣት፣ ስትራይኩ በቀኝ። ሲነገርም ቦል ይቀድማል።

ቁጥር 2ን የሚዘሉ ዳኞች ኳሱ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ወስነው ይጨርሳሉ። የልጆች ውርወራ ደግሞ ቀስ ብሎ እየወረደ ነው የሚመጣው፤ መጨረሻ ላይ የት እንደሚያልፍ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ካቸሩ ኳሱን የያዘበትን ቦታ አይዳኙ። የሚዳኘው ኳሱ ሆም ፕሌትን ሲያልፍ የነበረበት ቦታ ነው። ጉልበት ላይ ያለፈ ዘገምተኛ ኳስ ካቸሩ ጋ ሲደርስ መሬት ሊነካ ይችላል፤ ስትራይክነቱ አይቀርም። መሬት ነክቶ የነጠረ ኳስ ግን ባተሩ ካልሞከረው በስተቀር በምንም መንገድ ስትራይክ አይሆንም።

ኳሱ ቢጠፋብዎትስ? ካቸሩ ተነሥቶ ከጋረደዎት «ቦል» ይበሉ። ያላዩትን ስትራይክ በግምት አይስጡ። ከሚቀጥለው ውርወራ በፊት ግን ቦታዎን ያስተካክሉ፤ ሁለት ጊዜ ከተጋረደብዎት ጥፋቱ የአቋቋምዎ ነው። የተሳሳተ ስትራይክ ከሰጡም በሚቀጥለው ኳስ ለመካስ አይሞክሩ። አንዱን ስሕተት ሁለት ያደርጉታል፤ ሁለቱም አሠልጣኞች ያውቁበታል።

ባቱን ጀምሮ ያቆመ ባተር፦ «አንጓው ታጥፏል»፣ «ባቱ ሆም ፕሌትን አልፏል» የሚሉ መለኪያዎች በቤዝቦል ደንብ መጽሐፍ ውስጥ የሉም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ኳሱን ሊመታ ሞክሯል ወይስ አልሞከረም? ብቻዎን ስለሆኑ የሚጠይቁት ሌላ ዳኛ የለም። እርግጠኛ ካልሆኑ አልሞከረም።

በኳስ የተመታ ባተር፦ ኳሱ እጁን ቢመታስ? «እጅ የባቱ አካል ነው» የሚለው ጩኸት ሐሰት ነው፤ እጅ የባተሩ አካል ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ። መጀመሪያ፣ ለመምታት ሞክሯል? ከሞከረ ስትራይክ ነው፣ ኳሱም ሞቷል። ቀጥሎ፣ ኳሱ ሲነካው ዞኑ ውስጥ ነበር? ከነበረ ስትራይክ ነው። ሆን ብሎ ወደ ኳሱ ተጠግቷል? ከተጠጋ 1ኛ ቤዝ አይሰጠውም። ከእነዚህ ውጭ ከሆነ 1ኛ ቤዝ ይሰጠዋል፤ ኳሱ መሬት ነጥሮ የመታው ቢሆንም። ከሁሉ በፊት ግን «ታይም!» ብለው ልጁ ደህና መሆኑን ይዩ።

ሦስተኛው ስትራይክ ሲወድቅ፦ ደንቡ በሚሠራበት ምድብ፣ 1ኛ ቤዝ ባዶ ከሆነ ወይም ሁለት አውት ካለ ባተሩ መሮጥ ይችላል። ካቸሩ በትክክል ካልያዘው «ስትራይክ ሦስት!» ብቻ ይበሉ፤ «አውት» አይበሉ። ከያዘው ወይም 1ኛ ቤዝ ተይዞ አውቱ ከሁለት በታች ከሆነ «ባተሩ አውት ነው!» ብለው ደጋግመው ያሳውቁ። ያለበለዚያ ካቸሩ ያለ ምክንያት ወርውሮ ኳሱን ያጠፋዋል።

ደረጃ 4፦ ፌር ወይስ ፋውል

ፌር ማለት በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለ የሚቆጠር ኳስ ነው፤ ፋውል ከመስመሮቹ ውጭ ያለ ነው። መስመሩ ራሱ ፌር ነው። ሆም ፕሌትም ፌር ነው። የሚታየው የኳሱ ቦታ እንጂ የተከላካዩ እግር አይደለም፤ ልጁ ፋውል ክልል ቆሞ እጁን ዘርግቶ ፌር ክልል ላይ ያለ ኳስ ከነካ ፌር ነው።

1. ኳሱ ሲመታ ማስክዎን በግራ እጅ አውልቀው ወደ መስመሩ ይጠጉ፤ ከተቻለ መስመሩን በእግሮችዎ መካከል ያድርጉት።
2. ከ1ኛ ወይም ከ3ኛ ቤዝ ሳያልፍ የሚንከባለል ኳስ እስኪቆም ወይም እስኪነካ ይጠብቁ። መጀመሪያ የነጠረበት ቦታ አይወስነውም።
3. ቤዙን ነጥሮ ሲያልፍ ከቤዙ በላይ የነበረበትን ቦታ ይዩ። በአየር አልፎ ከሆነ መጀመሪያ ያረፈበትን ይዩ። ቤዙን ከነካ ፌር ነው።
4. ፋውል ከሆነ ሁለት እጅዎን አንሥተው «ፋውል!» ብለው ይጩኹ። ፌር ከሆነ ወደ ሜዳው ያመልክቱ እንጂ ቃል አይተንፍሱ።

ቁጥር 4 ላይ ብዙ ዳኛ ይቸገራል። «ፌር» የሚለው ጩኸት ከሩቅ «ፋውል» ይመስላል፤ ሯጮች ይቆማሉ። «ፋውል» አንዴ ከወጣ ደግሞ ኳሱ ሞቷል፤ ፌር እንደነበር ወዲያው ቢገባዎትም ሩጫውን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖርዎት አፍዎን ያዘግዩ።

ፋውል ቲፕ ከፋውል ይለያል። ባቱን ነክቶ በቀጥታ ካቸሩ ጋ የደረሰና የተያዘ ኳስ ስትራይክ ነው፤ ኳሱም ሕያው ነው፤ ሯጭ ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ «መስረቅ» ይችላል። «ፋውል» ብለው አይጩኹበት።

ደረጃ 5፦ አውት ወይስ ሴፍ

ወደ ጨዋታው ይውጡ

ብቻዎን ሲሆኑ ከሆም ፕሌት ጀርባ ተተክለው 1ኛ ቤዝን አይዳኙ። ኳሱ መሬት ለመሬት ወደ ተከላካይ ሲሄድ በካቸሩ ግራ በኩል ወጥተው ወደ ፒቸሩ ቦታ አቅጣጫ ጥቂት እርምጃ ይሂዱ። ከርቀት ይልቅ ማዕዘን ይበልጣል። ውርወራው ከጎን እንዲታይዎት ያድርጉ፤ ከ90 ዲግሪ በቀረቡ ቁጥር ኳሱና እግሩ ይለያዩልዎታል። ኳሱ ከመድረሱ በፊት ይቁሙ። እየሮጡ የሚያዩት ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

1ኛ ቤዝ ላይ

1. ውርወራው ትክክለኛ መሆኑን ካዩ በኋላ ዐይንዎን ከኳሱ ላይ አንሥተው ቤዙ ላይ ያሳርፉ።
2. በዐይንዎ እግሩን ይዩ፤ በጆሮዎ የጓንቱን ድምፅ ይስሙ።
3. የተከላካዩ እግር ቤዙን እንደነካ ያረጋግጡ።
4. ወደ ጓንቱ ይመልከቱ። ኳሱ በእጁ ነው? አልወደቀም?
5. አሁን ይናገሩ።

ከ2 እስከ 4 ያለው ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። «አውት!» ብለው እጅዎ አየር ላይ እያለ ኳሱ መሬት ሲንከባለል ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ሐፍረት ነው፤ መድኃኒቱም ቁጥር 4 ነው።

«እኩል ከደረሱ ለሯጩ ነው» ይባላል። ደንቡ የሚጠይቀው ሯጩ ቤዙን ሳይነካ በፊት ኳሱ መድረሱን ነው። «ኳሱ ቀድሟል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ቀድሟል ማለት ካልቻሉ ሴፍ ነው፤ ማለትም አውት አይደለም። ለአሠልጣኙ ግን «እኩል ናቸው» ብለው አያስረዱ፤ «ኳሱ አልቀደመም» ይበሉ።

ሯጩ 1ኛ ቤዝን አልፎ ወደ ሜዳው ስለታጠፈ ብቻ አውት አይሆንም። ወደ 2ኛ ቤዝ ለመሄድ ሲሞክር ነው ለአደጋ የሚጋለጠው። ሁለት ቀለም ያለው ቤዝ ካለ በ1ኛው ላይ በሚደረግ ውርወራ ባተሩ ብርቱካናማውን፣ ተከላካዩ ነጩን ይጠቀማሉ።

ታግ ሲሆን

ለታግ (ኳስ ይዞ ሯጩን መንካት) ወደ ድርጊቱ ይቅረቡ፤ ሯጩና ጓንቱ መካከል ያለው ክፍተት እንዲታይዎት ይቁሙ። ኳሱ በቀኝ እጁ እያለ ባዶ ጓንቱ ቢነካው ታግ አይደለም። ነክቶት ወዲያው ኳሱ ከወደቀም ታግ አይደለም። ኳስ ስለ መያዝም እንዲሁ፤ ኳሱን ሲቆጣጠርና በራሱ ፈቃድ ሲለቅቅ እስኪያዩ ይጠብቁ።

«መንሸራተት ግዴታ ነው» የሚል ደንብ የለም። የሊትል ሊግ ደንብ የሚለው፣ ኳስ ይዞ ታግ ለማድረግ የሚጠብቅ ተከላካይ ካለ ሯጩ ይንሸራተት ወይም ሊያልፈው ይሞክር ነው። በሜጀርስና ከዚያ በታች ወደ ፊት ሲሄድ በጭንቅላቱ የተንሸራተተ ሯጭ አውት ነው፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ይፈቀድለታል።

ደረጃ 6፦ ኢንፊልድ ፍላይ

ይህ ደንብ የውስጠኛው ሜዳ (ኢንፊልድ) ተከላካዮች ወደ ላይ የተመታ ቀላል ኳስ ሆን ብለው ጥለው ሁለት አውት እንዳይሠሩ ባተሩን ወዲያው አውት ያደርጋል። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ቤዞቹን ይዩ። ሯጭ 1ኛና 2ኛ ላይ፣ ወይም ሦስቱም ላይ አሉ? አውቱ ከሁለት በታች ነው? ከሆነ ዝግጁ ይሁኑ። ካልሆነ ይህ ደንብ የለም።

1. ኳሱ ከፍ ብሎ ሲወጣ የሚይዘውን ተከላካይ ይዩ እንጂ ኳሱን ብቻ አይከተሉ።
2. ኳሱ ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ተከላካዩ ያለ ጭንቅ ከሥሩ መቆም ችሏል? ከቻለ ቀኝ እጅዎን ወደ ሰማይ አንሥተው «ኢንፊልድ ፍላይ፣ ባተሩ አውት!» ብለው ይጩኹ።
3. ከመስመሩ አጠገብ ከሆነ «ኢንፊልድ ፍላይ፣ ፌር ከሆነ!» ይበሉ።

ባንት (ባቱን ሳይወዘውዙ ኳሱን ቀስ ብሎ መንካት) ሲሞከር የተነሣ ወይም ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ኳስ አይካተትም። ኳሱ ሕያው ነው፤ ሯጮች በራሳቸው ኃላፊነት መሄድ ይችላሉ። ያልተነካ ኳስ ወድቆ ከቤዙ ሳያልፍ ወደ ፋውል ከተንከባለለ ፋውል ነው፤ ባተሩም ይመለሳል።

ወሳኙ የተከላካዩ ጥረት እንጂ ሣሩና አሸዋው የሚለዩበት መስመር አይደለም። በፈረንጆቹ 2012 በአትላንታ በፕሮፌሽናሎቹ ካርዲናልስና ብሬቭስ መካከል በተደረገው የዋይልድ ካርድ (የጥሎ ማለፍ መግቢያ) ጨዋታ ኳሱ ሾርትስቶፑ (በ2ኛና በ3ኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ) ወደ ኋላ ሮጦ በደረሰበት የውጭው ሣር ላይ ነበር የወረደው፤ ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እርስዎ የሚዳኙት ልጆችን ነው፤ የ9 ዓመት ልጅ ቀላል ጥረት ከአዋቂ ያነሰ መሆኑን አይርሱ። ተከላካዩ እየተንገዳገደ ከሆነ አይጥሩ።

መጥራት ቢረሱስ? ኳሱ ወድቆ ተከላካዮች ሁለት አውት ከሠሩበት «ታይም» ብለው ሁኔታውን ያስተካክሉ፤ ባተሩን አውት ያድርጉ፣ እርስዎ ባለመጥራትዎ የተጎዳውን ሯጭ ይመልሱ።

ደረጃ 7፦ ማን ማንን ከለከለ?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ጥል የሚነሣው ከዚህ ነው። ልጆች ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ወላጆች ይጮኻሉ፣ እርስዎ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያች ቅጽበት መንገዱ የማን ነበር?

ኳሱ ተመቶ ተከላካዩ ሊያነሣው ሲሄድ መንገዱ የተከላካዩ ነው። ሯጩ ዞሮ ማለፍ አለበት። ከገጨው ወይም ካደናቀፈው፣ ሆን ብሎ ባይሆንም፣ ኢንተርፌረንስ ነው። ወዲያው «ታይም! ኢንተርፌረንስ!» ይበሉ። ኳሱ ሞቷል፤ ሯጩ አውት ነው፤ ሌሎቹ በዚያች ቅጽበት ወደ ነበሩበት ቤዝ ይመለሳሉ። ባተሩ አብዛኛውን ጊዜ 1ኛ ቤዝ ይሰጠዋል።

ተከላካዩ ኳስ ሳይዝ መንገድ ላይ ቆሞ ከሆነ ግን መንገዱ የሯጩ ነው፤ ይህ ኦብስትራክሽን ነው። በሊትል ሊግ ኳስ በእጁ የሌለ ተከላካይ ሯጩን ካዘገየ ይበቃል፤ «ኳሱ እየመጣ ነበር» የሚለው አያድነውም። ኳስ ሳይኖር ታግ እንደሚያደርግ ማስመሰልም እንደዚሁ ነው። መነካካት የግድ አይደለም። ሯጩ ፍጥነቱን ከቀነሰ ወይም ከዞረ ተከልክሏል።

አፈጻጸሙ ይለያያል፦

- ቤዝቦል፣ በተከለከለው ሯጭ ላይ ጨዋታ እየተደረገ ከሆነ፦ ወዲያው «ታይም!» ይበሉ። ሯጩ መጨረሻ ከነካው ቤዝ ቢያንስ አንድ ወደፊት ይሰጠዋል።
- ቤዝቦል፣ ኳሱ ሌላ ቦታ ከሆነ፦ ወደ ቦታው እያመለከቱ «ያ ኦብስትራክሽን ነው!» ይበሉና ጨዋታው ይቀጥል። ሁሉም ሲቆም ባይከለከል ኖሮ ይደርስበት የነበረውን ቤዝ ይስጡት።
- ሶፍትቦል፦ ግራ እጅዎን ወደ ጎን ዘርግተው ጨብጠው ይያዙ፤ ጨዋታው ይቀጥል። የተከለከለችው ሯጭ በተከለከለችባቸው ሁለት ቤዞች መካከል፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አውት ልትሆን አትችልም።

በጣም የተለመደው ስሕተት ኦብስትራክሽንን አይቶ ዝም ማለትና አሠልጣኙ ሲጮኽ መስጠት ነው። ያኔ ትክክል ቢሆኑም ማንም አያምንዎትም። ሲሆን እያዩ ይናገሩ።

የተወረወረ ኳስ ከተመታ ኳስ ይለያል። የተመታ ኳስ ተከላካይ ሳያልፍ ሯጩን ከነካው ሯጩ አውት ነው። የተወረወረ ኳስ ጀርባውን ቢመታው ግን ሆን ብሎ ካልጋረደ ምንም የለም፤ «ተጫወቱ!» ይበሉ። ወደ 1ኛ ቤዝ በሚወስደው ባለ 3 ጫማ መንገድም፣ ባተሩ ከመስመሩ ውጭ ስለሮጠ ብቻ አውት አይሆንም፤ የኳስ ተቀባዩን ማደናቀፉ መታየት አለበት።

ደረጃ 8፦ ነጥብና የቤዝ ሽልማት

ሦስተኛው አውት የግድ መሄድ በነበረበት ሯጭ ላይ በፎርስ ከሆነ፣ ወይም ባተሩ 1ኛ ቤዝ ሳይደርስ ከሆነ፣ ቀድሞ የገባም ነጥብ አይቆጠርም። በታግ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉ ይወስናል። ሁለት አውት እያለ ሯጭ ወደ ሆም ፕሌት ሲሮጥ እሱንም ታጉንም በአንድ ዕይታ የሚያዩበት ማዕዘን ይያዙ፤ ወዲያውም «ነጥቡ ይቆጠራል!» ወይም «አይቆጠርም!» ብለው ያሳውቁ። ሯጩን ከኋላ የሚገፋው ሰው አውት ከሆነ ፎርሱ እንደሚጠፋም ያስታውሱ።

ኳሱ ተወርውሮ ከሜዳ ሲወጣ ሽልማቱ ሁለት ቤዝ ነው። «የሚሄድበት አንድ፣ ተጨማሪ አንድ» የሚባለው የትም አልተጻፈም። በቤዝቦል ውርወራው የኢንፊልድ ተከላካይ የመጀመሪያ ጨዋታ ከሆነ በመደበኛው ፒቸሩ ሲወረውር ከነበሩበት ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ ከነበሩበት። በዩኤስኤ ሶፍትቦል ደንብ ሁልጊዜ ከወርዋሪዋ እጅ ሲወጣ ነው።

ሯጭ ቤዝ ሳይነካ ሲያልፍ ካዩ ምንም ምልክት አያሳዩ። ተከላካዮቹ ሲጠይቁ ብቻ ይመልሱ።

ደረጃ 9፦ ሲሳሳቱና ሲከራከሩዎት

አሠልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ «ታይም» መስጠትዎን ያረጋግጡ። ከዚያ ጥያቄውን ይለዩ።

«ሴፍ ነበር እኮ» ካለ ይህ የእርስዎ ዕይታ ነው፤ ተቃውሞ አይቀርብበትም። «ያየሁት ይህን ነው፤ ጨዋታው ይቀጥላል» ይበሉ፣ ተመልሰው ቦታዎን ይያዙ።

«ደንቡ እንዲያ አይልም» ካለ ግን ይስሙት። የደንብ አፈጻጸም ስሕተት ከሚቀጥለው ውርወራ በፊት መታረም አለበት። ሁለቱንም አሠልጣኞች ይጥሩ፣ መጽሐፉን ያስመጡ፣ ከተሳሳቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር አምነው ያርሙ። በሊትል ሊግ አሠልጣኙ ተቃውሞ ካስመዘገበ ኢኒንጉን፣ የአውቱን ቁጥር፣ ቦልና ስትራይኩን፣ ሯጮቹ የነበሩበትን ቤዝ ወረቀትዎ ላይ ይጻፉ።

ቁጥሩ ቢጠፋብዎት መዝገብ የያዘውን ሰው ይጠይቁ፤ ወላጆችን አይጠይቁ። ሁለት ቃል ባንድ ጊዜ ከወጣብዎት፣ ለምሳሌ እጅዎ «አውት» አፍዎ «ሴፍ» ካለ፣ ወዲያው «ታይም» ብለው ያዩትን አንዱን ጮኽ ብለው ይድገሙ።

ስድብና ማስፈራራት ሲመጣ አንድ ጊዜ ያስጠንቅቁ፤ «ይበቃል» ይበሉ፣ እጅዎን ያሳዩ። ከቀጠለ ያስወጡት። በሊትል ሊግ የተባረረ አሠልጣኝ ወይም ተጫዋች የሚቀጥለውን ጨዋታም አይሳተፍም፤ ስለዚህ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃልና ያስጠነቀቁበትን ቅጽበት ጽፈው በዚያው ቀን ለሊጉ ኃላፊ ያስረክቡ። ወላጅ ከሆነ የሚረብሸው በቀጥታ አይናገሩት፤ የቡድኑን አሠልጣኝ ጠርተው እንዲያስወጣው ይጠይቁ፣ እስኪወጣ ድረስ ጨዋታውን ያቁሙ።

የመጨረሻው አውት ከተጠራ በኋላ ሜዳ ላይ አይቆዩ። ኳሶቹን መልሰው፣ ዕቃዎን ሰብስበው፣ አሠልጣኞቹ በሌሉበት በር ይውጡ።